የሕዋስ ጎረቤታሞች

ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ። የዛሬው ንግግራችን በሰውነታችን ውስጥ ስላለው ጉርብትና ነው።

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ሕዋስ እንዲሁ በዓይን አይታይም። በአጉሊ መሣሪያ ሲታይ ግን መንደር ይመስላል። በመንደሩ ብዙ ቤቶች አሉ። ቤቶቹ ገለፈት በሚባል ስስ ሽፋን ታጥረዋል። ሁሉም የየራሳቸው ሥራ አላቸው።

እስቲ ሁለቱን እንመልከት። አንደኛው ማይቶኮንድሪያ ነው። ከምንበላው ምግብ ኃይል ያወጣል። ሁለተኛውን ሊቃውንት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይሉታል፤ እኛ መረብ እንበለው። መረቡ ቅባት ይሠራል፤ ካልሲየምም ያከማቻል። ካልሲየም አጥንታችንን የሚያጠነክረው ነገር ነው።

እናንተ እሳት ሲጠፋባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ከጎረቤት ትጭራላችሁ። ለዚህ ብላችሁ ግን የሁለቱን ቤት ግድግዳ አታፈርሱም። በአጥሩ ላይ ትቀባበላላችሁ። ሕዋስም እንዲሁ ነው። መረቡና ማይቶኮንድሪያው በጣም ይቀራረባሉ፤ ግን አይቀላቀሉም። አንድ ሚሊሜትር 1 ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ10 እስከ 30 ያህሉ ነው። ፕሮቲኖች እንደ ገመድ ሆነው አቀራርበው ይይዟቸዋል።

በርናርድና ሩዬ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን መቀራረብ በአይጥ ጉበት ውስጥ አዩ። ያዩትንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ጻፉ። በ1990 ደግሞ ጂን ቫንስ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪ ቦታው ቅባት የሚሠራበት መሆኑን አሳዩ።

ታዲያ በዚያች ጠባብ ክፍተት ምን ያልፋል? አንዱ ካልሲየም ነው። በልኩ ሲያልፍ ማይቶኮንድሪያው በርትቶ እንዲሠራ ያደርገዋል። ከልክ ሲበዛ ግን ሕዋሱን ይገድላል። እሳትስ እንዲሁ አይደል? በልኩ ወጥ ያበስላል፤ ሲበዛ ቤት ያቃጥላል።

ሌላው ቅባት ነው። ቅባትና ውሃ እንደማይስማሙ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቅባቱን የሚያሻግር አቀባይ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ከአቀባዮቹ አንዱ ቪፒኤስ13ኤ ይባላል። ይህ አቀባይ ከወላጆች በወረሱት ጉድለት የተነሣ የሌላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። ካደጉ በኋላ የአንጎላቸው ሕዋሳት ይጎዳሉ። እጅና እግራቸው ሳያዝዙት ይወራጫል። በሽታውን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ተመራማሪዎች ይህን ጉርብትና የሚያጠኑት አንድም ለዚህ ነው።

አያችሁ፣ ቤቱ ሁሉ ደኅና ሆኖ እንኳ አቀባይ ሲጠፋ መንደሩ ይታመማል።

አሁን ሦስት ቃላት ጻፉ፦ ሕዋስ። ገለፈት። ጎረቤት። ከዚያም ይህን ንግግር ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለጎረቤታችሁ አንብቡላቸው። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ደኅና ሁኑ።