አራት ፊደላት፥ ብዙ ድምፅ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው ስለ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ስለ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። እነርሱም ኦ፥ ዩ፥ ጂ፥ ኤች ናቸው። የክፍል ጓደኞቼ ከወዲሁ ሲስቁ አያለሁ፤ የሚስቁበትንም ምክንያት አውቃለሁ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን መምህራችን ተነሥቼ እንዳነብ አዘዙኝ። በዚያው ሳምንት ‹‹ባው›› የዛፍ ቅርንጫፍ፥ ‹‹ፕላው›› ደግሞ ማረሻ ማለት መሆኑን ተምረን ነበር። ሁለቱም የሚያልቁት በእነዚህ አራት ፊደላት ነው። ስለዚህ በነዚያው ፊደላት የሚያልቅ ሌላ ቃል ባጋጠመኝ ጊዜ ያለ ፍርሃት ‹‹ካው›› ብዬ አነበብሁ። ቃሉ ግን ‹‹ኮፍ›› ነበር፤ ትርጉሙም ሳል ነው። ‹‹ካው›› ማለት ላም ስለሆነ፥ በታሪኩ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሳል ሳይሆን ላም ይዞት አደረ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ለማንበብ እጄን አላነሣሁም።

በኋላ ነገሩን ሳስበው፥ የተሳሳትሁት ትምህርቴን ስላላጠናሁ ሳይሆን ያጠናሁትን ስላመንሁ መሆኑን ተረዳሁ። እስቲ ቃላቱን በየተራ እንመልከታቸው። ከአራቱ ፊደላት ፊት ቢ ቢቆም ‹‹ባው››፥ ቅርንጫፍ ይሆናል፤ ዲ ቢቆም ‹‹ዶ››፥ ሊጥ፤ አር ቢቆም ‹‹ራፍ››፥ ሻካራ፤ ሲ ቢቆም ‹‹ኮፍ››፥ ሳል፤ ቲ ቢቆም ‹‹ታፍ››፥ ጠንካራ ወይም በቀላሉ የማይበገር ይሆናል። አሁን በዚህ በመጨረሻው ቃል ከቲ ቀጥሎ አንድ ኤች እናስገባ፤ ‹‹ዞ›› ይሆንና ‹‹ምንም እንኳ›› ማለት ይሆናል። መጨረሻው ላይ ሌላ ቲ ብንጨምርበት ‹‹ሶት››፥ ሐሳብ ይሆናል። የጨመርነውን ቲ ትተን ከኤች ቀጥሎ አር ብናስገባ ‹‹ስሩ›› ይሆናል፤ ይኸውም በአንድ ነገር ውስጥ አልፎ መውጣትን ያመለክታል። ከዚህ ደግሞ የመጀመሪያውን ኤች ብናወጣ ‹‹ትሮፍ››፥ ከብት ውሃ የሚጠጣበት ገንዳ ይሆናል። የዞ፥ የሶትና የስሩ መነሻ ድምፅ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣ ነው፤ ለእርሱ በፊደላችን ልክ የሆነ ምልክት ስለሌለን በቅርቡ ጻፍሁት።

ታዲያ እንግሊዞች ይህን ያደረጉት እኛን ለማስጨነቅ ነውን? አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ በጂና በኤች ቦታ የሚሰማ ድምፅ ነበር፤ እርሱም የእኛን ኸ ይመስል ነበር። የእንግሊዝኛ ዘመድ የሆነው ጀርመንኛ ዛሬም ሌሊትን ‹‹ናኽት››፥ ሴት ልጅን ‹‹ቶኽተር›› ይላል። እንግሊዝኛ ‹‹ናይት››ና ‹‹ዶተር›› ሲል ድምፁን ጥሎ ጂንና ኤችን በጽሕፈት አስቀርቷል። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. የማተሚያ መኪና በዌስትሚንስተር ካቋቋመ በኋላ አጻጻፉ እየጸና ሄደ፤ የሰው አፍ ግን መለወጡን አልተወም። ያ ድምፅ በአንዳንዱ ቃል ጠፋ፥ በአንዳንዱም ወደ ፍ ተለወጠ። ስለዚህ ዓይናችን የጥንቱን ያያል፥ ጆሮአችን የአሁኑን ይሰማል።

ሌላም ያስተዋልሁት ነገር አለ። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ እንደ መንግሥት፥ ፓርላማና ፍትሕ ላሉት ነገሮች እንግሊዝኛ ዛሬ የሚጠቀምባቸው ቃላት የመጡት ከዚያ ነው። ሊጥ፥ ማረሻ፥ ሳል፥ ገንዳና ቅርንጫፍ ግን በገበሬው ቤት ቀሩ። ባለፈው ክረምት ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ፥ አባቴ ከትምህርት ሁሉ የከበደኝ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም እነዚህን ቃላት ከነትርጉማቸው ነገርኋቸው። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ እንግሊዝኛም አያውቁም። ጥቂት ዝም ብለው፥ ‹‹ልጄ፥ ይህማ ሁሉ የቤትህ ዕቃ አይደለምን? ምኑ አስፈራህ?›› አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃላቱ እንደ ባዕድ አልታዩኝም።

የራሳችንስ ፊደል እንዲሁ አይደለምን? ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰም እንዲሁ። አንድ ሰው ‹‹ሳለ›› ቢባል፥ ጉንፋን ይዞት ነው፥ ሥዕል ሠርቶ ነው፥ ወይስ ቢላዋ ሞርዶ? ጆሮ ብቻውን አይለየውም። በግዕዝ ግን ያሳለው ሰው በእሳቱ ሰ ‹‹ሰዐለ››፥ ሥዕል የሠራው በንጉሡ ሠ ‹‹ሠዐለ›› ተብሎ ይጻፋል። እንግሊዞች ጂንና ኤችን እንዳልጣሉ፥ እኛም ሠን አልጣልንም። ፊደል የቃልን የትውልድ ሐረግ ይጠብቃል።

ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የጠቀመኝን ልንገራችሁ። ቃላቱን በፊደላቸው ሳይሆን በድምፃቸው ለይታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ኮፍ፥ ራፍ፥ ታፍ፥ ትሮፍና በቂ የሚባለው ‹‹ኢናፍ›› የፍ ቤተ ሰብ ናቸው። ባውና ፕላው አንድ ወገን፥ ዶና ዞ አንድ ወገን ናቸው፤ ስሩ ብቻውን ይቆማል። በመጨረሻቸው ቲ የተጨመረባቸው ግን ይስማማሉ፤ ‹‹ቦት›› ገዛ፥ ‹‹ብሮት›› አመጣ፥ ‹‹ፎት›› ተዋጋ፤ ከእነርሱ የሚያፈነግጠው ድርቅ ማለት የሆነው ‹‹ድራውት›› ነው። እያንዳንዱንም ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።

በመጨረሻ፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ አንድ ታናሽ ተማሪ ነገ ተነሥቶ ‹‹ካው›› ብሎ ሲያነብ ብትሰሙ አትሳቁበት። የተማረውን አምኖ የተሳሳተ ነውና፥ ትክክለኛውን ነግራችሁ እንደገና እንዲያነብ አድርጉት። እኔ በዚያ ዓመት ያጣሁት አንድ ቃል ብቻ አልነበረም፤ የአንድ ዓመት ንባብ ነበር።