ሰማያዊው ብርሃንና እንግዳ ተቀባዩ



ከወረታ ወጣ ብሎ በክረምት የፎገራን ሜዳ የሚያቋርጥ መንገደኛ፥ ርብና ጉማራ ያረሰረሱት የሩዝ ማሳ በአፈር ክትር ተከፋፍሎ ውኃ አቁሮ ያየዋል። ክትሩ ከውኃው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ውኃው ሾልኮ ይሄዳል። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ሩዝ ሳይሆን በእጃችሁ ስላለው የስልክ መስታወት ነው፤ ነገሩ ከክትሩ ብዙ አይርቅም።

በብዙ አዳዲስ ስልኮች ላይ ሥዕሉን የሚያበሩት ከሰው ጠጕር እጅግ የቀጠኑ፥ ከካርቦን ውሑዶች የተሠሩ ንጣፎች ናቸው። ይህን ጥበብ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮዳክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ታንግና ቫን ስላይክ ለዓለም አሳወቁ። ብርሃን ሰጪው ውሑድ ብቻውን ሲከማች ብርሃኑን እርስ በርሱ ስለሚያጠፋ፥ በሌላ ውሑድ መካከል ጥቂት ጥቂት ተበትኖ ይቀመጣል። የተበተነው እንግዳ፥ ሌላው እንግዳ ተቀባይ ይባላል፤ የኤሌክትሪኩን ጕልበት ለእንግዳው የሚያደርሰውም እርሱ ነው።

ያስቸገረው ሰማያዊው ነው። ለቀይ ብርሃን 2 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሲበቃ፥ ሰማያዊው 2.7 ያህል ይፈልጋል። ጕልበትም እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይወርዳልና፥ ተቀባዩ ከእንግዳው ከፍ ካላለ ጕልበቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለ ብርሃን ይባክናል። ለአረንጓዴ ያገለገለው ሲ ቢ ፒ የተባለው ውሑድ መጠኑ 2.6 ያህል ስለ ሆነ ለሰማያዊው አልበቃም፤ ኤም ሲ ፒ የተባለው ግን 2.9 ደርሶ ተስማማ።

ከፍታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ይህን ያህል ጕልበት የተሸከመ ሞሌኩል የገዛ ማሰሪያውን ሊበጥስ ይችላል፤ ስለዚህ ሰማያዊው ከሁለቱ ወንድሞቹ ቀድሞ ያረጃል። ብዙ ፋብሪካዎችም ለሰማያዊው ብቻ፥ ከጕልበቱ ብዙውን የሚያባክነውን የቀድሞውን ዘዴ ይዘው ለረጅም ዘመን ቆይተዋል።

በአገራችንስ? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ከስዊድን ሊቃውንት ጋራ ሆነው፥ መሠረታቸው ፍሉዎሬን የተባለ ውሑድ የሆኑ ፖሊመሮችን መርምረዋል፤ ከሥራቸውም አንዱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የእነርሱ ፖሊመሮች የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ናቸው። ይኸው ፍሉዎሬን ግን ብቻውን ሲቀጣጠል ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ነው። እርሱም ቢሆን ኦክሲጅን ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ በሰንሰለቱ ላይ ጥቂት ስፍራ ቢበላሽ፥ በተናደ ክትር እንደሚሾልክ ውኃ ጕልበቱ ወደዚያው ይወርዳልና።