ከዓባይ በረሃ የመጣው ዛጎል



ከጉንደ ወይን አንዲት እናት ጥያቄ ልከውልናል። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሲመለስ አውቶብሱ ዓባይ በረሃ ላይ ጎማ ለመቀየር ይቆማል። ልጁም ከመንገዱ ዳር ዛጎል የታተመበት ድንጋይ አንስቶ ቤት ይዞ ይገባል። አያቱ "ይህ የጠንቋይ ዕቃ ነው፤ አውጡልኝ!" አሉ። ልጁ ደግሞ ከታላቅ ወንድሙ ጋር "የባሕር ነው"፣ "የለም፣ የዓባይ ነው" እያለ ይከራከራል። እናት በመካከል ተቸግረው ነው የጻፉልን።

ከአያት ስጋት እንጀምር። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ዛጎል እየወረወረ "ዕጣሽ እንዲህ ነው" የሚል ጠንቋይ በአገራችን እንዳለ እናውቃለን፤ እርሱ ዘንድ መሄድ ሐራም መሆኑም አያከራክርም። ይሁንና ጠንቋዩ የሚወረውረው፣ ሆዱ ላይ ጥርስ የመሰለ ስንጥቅ ያለው ነጭ ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። እናት እንደገለጹልን ከሆነ ግን የልጁ ዛጎል እንደ ሁለት መዳፍ የሚገጥሙ ሁለት ክዳኖች አሉት። ይህ ሌላ ፍጡር ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ጥፋቱ የጠንቋዩ እንጂ የዛጎሉ አይደለም።

አሁን ወደ ልጆቹ ክርክር። ድንጋዩ የባሕር ነው። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ገደሉ ላይ የምናየው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ አገሩን ጨዋማ ባሕር በሸፈነው ጊዜ ነው። ኋላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈሰሰበት፤ ምድሩም ከፍ አለ፤ ዓባይ ደግሞ ሰንጥቆ ገለጠው። "የኑሕ (ዐ.ሰ) ጎርፍ ያመጣው ነው" የሚሉ አሉ። በኑሕ ዘመን የሆነውን እናምናለን። ነገር ግን ጎርፍ ያገኘውን አደባልቆ ይጥላል። እዚያ ያለው በመቶ ሜትር የሚቆጠር፣ በዝግታ የተነባበረ ድንጋይ ነው። ከሥሩም የባሕር ውሃ ሲተን የሚቀረው ጀሶ ተጋድሟል። እምነታችን የዚህን ድንጋይ ምስክርነት የሚሻ አይመስለኝም።

ታላቅ ወንድምም ጨርሶ አልተሳሳተም፤ ዓባይም የራሱ ዛጎል አለው። አንዱ ኤቴሪያ የሚባለው፣ ከዓለት ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነው። ፈረንሳዊው ተጓዥ ፍሬደሪክ ካዮ በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአባይ ወደ አውሮፓ ወስዶ አሳይቶታል። ሌላው ዩኒዮ አቢሲኒከስ በሳይንሳዊ ስሙ አገራችንን ይዟል፤ ወገኖቹ በአሸዋና በጭቃ ውስጥ ግማሽ አካላቸውን ቀብረው ይኖራሉ።

የሁለቱ ውሃዎች ዛጎል ኑሮ ግን ለየቅል ነው። ከባሕሩ አንዳንዱ እንደ ሐር ባለ ክር ራሱን ከዓለት ያስራል፤ ጫጩቶቹንም ማዕበል ይዞ ይበትናቸዋል። በወንዝ እንዲህ ቢሆን ጫጩቶቹ ሁሉ በጎርፍ ተጠርገው ቁልቁል በሄዱ ነበር። ስለዚህ የብዙዎቹ የወንዝ ዛጎሎች ጫጩት በዓሣ ስንጥብ ወይም ክንፍ ላይ ተጣብቆ ሽቅብ ይጓዛል፤ ጊዜው ሲደርስ ይወርዳል። በሰሜን አሜሪካ ያለች አንዷማ ከሥጋዋ ጫፍ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ነገር ታወዛውዛለች። ትልቁ ዓሣ ሊበላ ሲመጣ ጫጩቶቿን ትረጭበታለች። ዓሣ አይታ አታውቅም፤ ዓይን የላትማ! ሱብሓነላህ! በዓለም 900 ያህል የጣፋጭ ውሃ ዛጎል ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ዓሣው ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

ሉል ሲባል የሚታወሰን ዳህላክና የዓረቦች ባሕረ ሰላጤ ነው። የሱረቱል ፋጢር 12ኛ አያ ግን ጣፋጩንና ጨዋማውን ውሃ ለይቶ ካነሣ በኋላ ጌጥን ከሁለቱም ጋር ያያይዛል። ዛሬ ገበያውን የሞላው ሉል አብዛኛው በቻይና ኩሬዎች፣ በጣፋጭ ውሃ ዛጎል ውስጥ ያደገ ነው።

የወንዝ ዛጎል ውሃን እየመጠጠ ያጣራል፤ በዚያም ይመገባል። ጠላቱ ደለል ነው። በሐምሌ ከጎንቻ ሲሶ እነሴ ማሳዎች ታጥቦ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቀይ አፈር ገበሬውን ያደኸያል፤ ታች ያለውንም ዛጎል በቁሙ ይቀብረዋል። እርከን የሚሠራ ሰው የማያያቸውን ፍጡራንም ያተርፋል።

እናታችን፣ ድንጋዩ ቤት ይቀመጥ፤ ለአያትም ይህን ያንብቡላቸው። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጠራ ልጆቹ ከትልቅ ሰው ጋር ወርደው ዳር ዳሩን ይፈልጉ። ክዳኑን ገጥሞ የዘጋ ካገኙ በሕይወት ያለ ነውና ወደ ቦታው ይመልሱት። ባዶውን ግን ከድንጋዩ ጎን ያስቀምጡትና ልዩነቱን ይጻፉልን።