የጧፍ ብርሃን ሂሳብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የሂሳብ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ፎቶግራፍ እንድናገር ስጋበዝ፣ በመጀመሪያ ነገሩ ከሙያችን የራቀ መስሎኝ ነበር። ይሁንና ሳሰላስለው፣ በጨለማ ፎቶግራፍ ማንሣት በመሠረቱ ጥቂት ገቢን በአግባቡ የማስተዳደር ጥበብ ሆኖ አገኘሁት። እኔ በዚህ ረገድ አማተር እንጂ ባለሙያ አይደለሁም፤ የማቀርብላችሁም ከራሴ ስሕተት የተማርሁትን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥር 10 ቀን በከተራ ምሽት፣ እናቴን ተከትዬ ጃንሜዳ ሄድሁ። ታቦታቱ በየድንኳናቸው ገብተዋል፤ ሕዝቡም ጧፍ አብርቶ ይጸልያል። እኔ አዲሱን ዲጂታል ካሜራዬን አውጥቼ እናቴን በፍላሽ አነሣኋት። እርሷም ደንግጣ ፊቷን በነጠላዋ ከለለችና፣ «ልጄ፣ ጧፉ አያበራም እንዴ?» አለችኝ። ሥዕሉን ስመለከተው ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ከኋላዋ ያለው ሕዝብ በጨለማ ተውጧል፤ የጧፉም ወርቃማ ብርሃን ጠፍቷል። የፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ወደ አንድ አራተኛ ስለሚወርድ፣ የቅርቡን አንጸባርቆ የሩቁን ይተዋል።

ከዚያ በኋላ ያለ ፍላሽ ማንሣትን ለመማር ቆረጥሁ። ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋልና፣ 2 የተባለው ቀዳዳ 4 ከተባለው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ሁለተኛው መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። አይ ኤስ ኦ የሚባለው ሦስተኛው ቁጥር ግን እውነተኛ ገቢ አይደለም። 10 ብርን 1,000 ሳንቲም ብለን ብንጽፈው ቁጥሩ ይገዝፋል እንጂ ካዝናው አይሞላም፤ አይ ኤስ ኦም እንዲሁ የተገኘውን አጉልቶ ያሳያል እንጂ ብርሃን አይጨምርም።

በሁለተኛው ዓመት ይህን በከፊል ብቻ ተረድቼ ነበር። አይ ኤስ ኦ ከፍ ሲል ሥዕሉ ይሻክራል ሲባል ስለ ሰማሁ፣ ከ400 አላሳልፍም አልሁ። በዚህም የተነሣ መዝጊያው 1/8 ሰከንድ ክፍት መቆየት ነበረበት። በዚያች ቅጽበት እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እናቴም ራሷን ለጸሎት ዝቅ አደረገች። ያገኘሁት የተድበሰበሰ ጥላ ነበር።

የሸካራነቱ ዋና ምክንያት የአይ ኤስ ኦው ቁጥር ሳይሆን የብርሃኑ ማነስ መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የብርሃን ቅንጣቶች እንደ ዝናብ ጠብታ ያለ ሥርዓት ይወርዳሉ። በአንድ ነጥብ ላይ 100 ቅንጣቶች ቢጠበቁ፣ የሚደርሰው መጠን 10 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ይህም ከመቶ 10 ነው። 10,000 ቢጠበቁ ግን ልዩነቱ 100 ያህል፣ ማለትም ከመቶ 1 ብቻ ይሆናል። ስለሆነም በጧፍ ብርሃን የተነሣ ሥዕል ጥቂት ቢሻክር ሊያስደንቀን አይገባም።

በሦስተኛው ዓመት የ50 ሚሊሜትር ሌንሴን ቀዳዳ እስከ 1.8 ከፍቼ፣ መዝጊያውን ወደ 1/60 ሰከንድ አሳጠርሁ፤ አይ ኤስ ኦውንም 3200 አደረግሁ። በጊዜ በኩል ስምንት እጥፍ ያህል የቀነሰውን በአይ ኤስ ኦ ስምንት እጥፍ አካካስሁ። ክርኖቼን ከጎኔ አጣብቄ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እናቴ ቀና እስክትል ጠበቅሁ። እርሷ መነሣቷን እንኳ አላወቀችም።

እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። ያ ሥዕል በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀርበው ቢያዩት ነጠላዋ በጥቃቅን ነጠብጣብ ሻክሯል፤ ነገር ግን ዐይኗ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የጧፉም ብርሃን በጉንጯ ላይ አለ። ስለ ሸካራነቱ ያነሣብኝ ዘመድ እስካሁን የለም።

እንግዲህ ይህን ትምህርት ለመጀመር የምትሹ ሁሉ፣ በየቤታችሁ አንድ ሻማ አብርታችሁ ልትለማመዱ ትችላላችሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የትኛው ጉድለት ይቅር እንደሚባል ለዩ። ሸካራነት ይቅር ይባላል፤ የተድበሰበሰ ፊት ግን ተመልሶ አይጠራም። የሰውን ጸሎት ማቋረጥ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ የሚካካስ ኪሣራ አይደለም።