አንጎልም ጥራጊ አለው
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ባለፈው ዓመት አንድ አንጋፋ አባላችንን ከሦስት ቀብር ቀርተዋል ብለን መቅጣታችንን አትዘነጉትም። ቅጣቱን በመዝገብ ያሰፈርነው እኛው ነን። ኋላ ልጃቸው መጥታ «አባባ እኮ ጥሩምባውን ሰምተው ይወጣሉ፤ መንገድ ላይ ግን የሚሄዱበት ይጠፋባቸዋል» ስትለን አንገታችንን ደፋን። «ጃጅተዋል» ብሎ መተው ቀላል ነበር። እኛ ግን ስንጠይቅና ስናነብ ከረምን።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ከምናቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። እሳቱ የማይጠፋ ማድቤት ጥራጊ አይበዛውም እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ማይከን ኔደርጋርድና ባልደረቦቻቸው፣ አንጎልን የከበበው ንጹሕ ፈሳሽ የደም ሥሮችን ዳር ይዞ እየገባ ጥራጊውን እንደሚያጥብ በአይጥ ላይ አሳዩ። በ2013 ደግሞ ይህ እጥበት በእንቅልፍ ጊዜ ይበረታል አሉ። በ2024 በለንደን የተደረገ የአይጥ ጥናት ግን የለም፣ በእንቅልፍ ይቀንሳል ብሎ ተቃወመ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ታዲያ የሰውን አንጎል ከፍቶ ማየት የለ! በ2017 በጃፓን ቶሺያኪ ታኦካና ባልደረቦቻቸው በኤም አር አይ መሣሪያ አንድ ዘዴ አቀረቡ። የቀለም ጠብታ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ በቦይ ውስጥ ከሆነ ግን ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል። መሣሪያውም በአንጎል መካከል ካሉት የፈሳሽ ጓዳዎች አጠገብ፣ ደም ሥሮችና የነርቭ ክሮች በሚተላለፉበት ስፍራ፣ ውሃ በደም ሥሩ አቅጣጫ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ለካና በሌላው አቅጣጫ ላለው ያካፍላል። ውጤቱ ወደ 1 ከቀረበ ልዩነት የለም ማለት ነው፤ ከፍ ካለ ውሃው በደም ሥሩ ዳር ይሄዳል ይባላል። በብዙ ጥናቶች ዕድሜ ሲገፋ ቁጥሩ ዝቅ ብሏል፤ በአልዛይመር ሕሙማንም እንዲሁ።

መርፌ ሳይወጋ መለካቱ ደግ ነው። ነገር ግን የሚያየው አንዲት ጠባብ ስፍራ ነው፤ ውሃ መንቀሳቀሱን እንጂ ጥራጊ መውጣቱን አይመሰክርም። የነርቭ ክሩ ራሱ ሲጎዳም ቁጥሩ ይለወጣል። ስለዚህ ልጅቱ ብር ተበድራ ልታስነሣቸው ስትል «ይህ ቁጥር ለተመራማሪዎች እንጂ የአንድ ሰው በሽታ መለያ አይደለም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው» አልናት። ሄዱ፤ ክትትል ጀመሩ።

ቅጣቱን ኮሚቴው ሰርዞታል። አሁን ጥሩምባ ሲነፋ አንድ የሠፈር ወጣት ከደጃቸው ጠብቆ ይዟቸው ይመጣል።