የተኛን ሰው የሚያየው አጠገቡ የተኛ ነው
(ለሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የጤና ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ እንቅልፍ ላወራችሁ ነው የመጣሁት ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ አላችሁ። «እንቅልፍ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ሳትሉ አልቀራችሁም። እኔ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሌሊት መጥተው ሌሊት የሚሄዱ፣ ባለቤቱ ራሱ የማያውቃቸው ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ሲሆን ሁለተኛው በእንቅልፍ ላይ የሚመጣ የሚጥል በሽታ ነው።

ከትንፋሹ ልጀምር። ስንተኛ የጉሮሯችን ጡንቻዎች ይላላሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ግን የአየር መተላለፊያው እስኪደፈን ድረስ ይላላሉ። ሰውየው ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ፀጥ ይላል። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ አየር ግን አይገባም። 10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ አንጎል ይቀሰቅሰዋል፤ እንደ መታነቅ ብሎ አየር ይስብና ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ምንም አያስታውስም። እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶም እንቅልፍ አይጠግብም። ራሱን እያመመው ይነሣል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ «ሰነፍ» የሚል ስም ይወጣለታል።

በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ መንስኤው የቶንሲል ማደግ ነው። ውፍረትና አልኮልም ያባብሱታል። ሕክምና አለው። ቶንሲሉ በሐኪም ቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት፣ በአፍንጫ ጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያም አለ። እንጥልን በምላጭ ማስቆረጥ ግን በፍጹም መፍትሔ አይደለም! ደም ያፈሳል፤ ንጹሕ ያልሆነ ምላጭ ኤችአይቪንም ሊያስተላልፍ ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚግባቡት በኤሌክትሪክ መልእክት ነው። ይህ መልእክት ለጥቂት ጊዜ ሲዛባ ሰውነት ይደርቃል፣ ይንዘፈዘፋል። አንዳንዶችን የሚይዛቸው ተኝተው ሳለ ብቻ ነው። ጠዋት ምላስ ተነክሶ መገኘት፣ አልጋ መርጠብ፣ ሰውነት እንደተቀጠቀጠ መሆን ምልክቶቹ ናቸው። ሰፈሩ «ዱካክ ነው» ይላል። ዱካክ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ሰው ነቅቶ ሳለ ለጥቂት ጊዜ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ጠዋትም ያስታውሰዋል። የሚጥል በሽታ የያዘው ግን ብዙውን ጊዜ የሚነግራችሁ ነገር የለውም።

ሁለቱ ሕመሞች ይዛመዳሉ። እንቅልፍ ማጣት የሚጥል በሽታን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ በትንፋሽ መቋረጥ እንቅልፉ የሚቆራረጥበት ሰው የሚጥል በሽታም ካለበት ሊበረታበት ይችላል። ለፈተና ብሎ በጫት የሚያነጋም ራሱን ለዚሁ አደጋ ያጋልጣል።

ታዲያ ባለቤቱ ካላወቀ ማን ይወቅለት? እናንተ ናችኋ! ከወንድሙ ጋር አንድ አልጋ የሚጋራ፣ ከእህቷ ጋር አንድ ክፍል የምታድር። አንድ ጊዜ የ9ኛ ክፍል ልጅ ታላቅ ወንድሙን እየጎተተ መጣ። ታላቁ «እኔ ደህና ነኝ፣ ይሄ ልጅ ነው የሚያስቸግረኝ» ይላል። ትንሹ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መንዘፍዘፉ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ከየትኛው እጅ እንደጀመረ በደብተሩ ጽፏል። ሐኪሙ አንብቦ «ግማሹን ሥራዬን ሠርተህልኛል» አለው።

እናንተም ሌሊት እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ፦

1. አትደንግጡ፤ ሰዓት ተመልከቱ።
2. ሰውየውን ወደ ጎኑ አዙሩት፤ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ልብስ አላሉት፤ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ።
3. ጨምድዳችሁ አትያዙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ውኃ አትጨምሩ። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት።
4. 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደጋገመው በፍጥነት ሆስፒታል ይወሰድ።

በስልካችሁ ብትቀርጹት ለሐኪም በጣም ይጠቅማል። ነገር ግን አደራ! ለሐኪም አሳዩት እንጂ ለጓደኛ አታሳዩ። የተኛ ሰው ራሱን መሸፈን አይችልም፤ የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ።

የሚጥል በሽታ እርግማን አይደለም፤ ከአፍ በሚወጣው አረፋም አይተላለፍም። ብርቅም አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከ1000 ሰዎች መካከል 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይተዋል። በዚህ ስሌት 2000 ሰው ባለበት ቀበሌ 10 ያህል ይኖራሉ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ተመርምረው ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕመምተኞች ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ፊኖባርቢታል ርካሽ መድኃኒት ነው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክኒኑን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጥ።

ዛሬ ማታ አጠገባችሁ የሚተኛውን ሰው ትንፋሽ ጥቂት አዳምጡ። የሚያንኮራፋውን ከመሳቅ፣ የሚንዘፈዘፈውን ከመሸሽ ይልቅ ያያችሁትን ጻፉና «ና፣ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ» በሉት።