ዝናብ ሲቀር እህሉ በየት በኩል ይመጣል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ። በዕለቱ ለመገኘት ላልቻሉ ነዋሪዎች እንዲነበብ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ስለ እህል ለመነጋገር ነው። እንደሚታወቀው ሁሉ ኮሚቴው ሁለት ሐሳብ ቀርቦለታል። አንደኛው በማኅበሩ ካዝና ባለው ገንዘብ ሁለተኛ ድንኳን ይገዛ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጥር ወር እህል ተገዝቶ ለክረምት ይቀመጥ የሚል ነው። ድንኳኑም ቢሆን ያስፈልጋል፤ ሐዘን ሲደራረብ የሚያጋጥመንን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም እኛ እህሉ ይቅደም እንላለን። ምክንያታችንን እናስረዳለን፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

መቼም ድርቅ ሲባል ለከተማ ሰው የገበሬው ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። በሬዲዮ እንሰማለን፣ ከንፈር እንመጣለን፣ ያለን እናዋጣለን። ግን ከማሳው እስከ ምጣዳችን ያለውን መንገድ ብትቆጥሩት ረጅም ነው። ጤፉ ከጎጃም፣ ከአድአ ወይም ከምንጃር ይነሳል፤ ከአውድማ ወደ ገበያ በአህያ ይመጣል፤ ሰብሳቢው ገዝቶ ለጅምላ ነጋዴ ያስረክባል፤ በአይሱዙ ተጭኖ መርካቶ እህል በረንዳ ይወርዳል፤ እዚያ በደላላ ይሸጣል፤ ከዚያ ወፍጮ ቤት፣ ከዚያ እኛ ቤት። ዝናብ ሲቀር ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይናጋል። ገበሬው ለክፉ ቀን ብሎ የያዘውን አይለቅም፤ ነጋዴው ነገ ይወደዳል ብሎ ያቆያል፤ እኛም ፈርተን ከሚያስፈልገን በላይ እንሻማለን። እህሉ ገና ሳያልቅ ገበያው ባዶ ይሆናል ማለት ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን እልቂት ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። አማርትያ ሴን የሚባሉ የሕንድ ተወላጅ የኢኮኖሚ ሊቅ ስለዚያ ረሃብ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የጻፉትን አንድ የተማረ የሰፈራችን ልጅ አስረድቶናል። ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም ነበር። ያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ይህን ስንሰማ እኛ ደንግጠናል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገበሬው ማሳው ሲደርቅበት የሚበላውን ብቻ አይደለም ያጣው፤ የሚገዛበትንም አጣ። በሬውን ልሽጥ ቢል ሁሉም በሬውን ለሽያጭ ስላወጣ ዋጋው ወደቀ። እህል እግር የለውም፤ የሚነዳው ብር ነው፤ ብሩ ደግሞ ከተማ ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀርም ያው ነው የሆነው፤ የከሳ ከብት ዋጋ ሲያጣ እህሉ ተወደደ።

ታዲያ ነጋዴውን ማባረር ነው ወይ የሚል ይኖራል። እሱንም አይተነዋል። በ1970ዎቹ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንደልብ አይሻገርም ነበር፤ ገበሬው ኮታ ነበረበት፤ በየመንገዱ ኬላ ነበር። ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ትንሽ ጤፍ ይዞ የተመለሰ ሰው ኬላ ላይ ያየውን እናቶች ይንገሯችሁ። ንግዱ በ1982 ዓ.ም. እስኪለቀቅ ድረስ የተረፈው አገር ላጣው አገር በቀላሉ አልደረሰለትም። ነጋዴ ክፉም ደግም አለው፤ እህል ከሞላበት ወደ ጎደለበት ካላመላለሰ ግን ማን ያመላልሰዋል?

ከውጭ ይመጣልም ብለን መተማመን የለብንም። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ዝናቡን ባዛባ ጊዜ 10.2 ሚሊዮን ሰው የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። ስንዴ ተገዛ፣ መርከብ ተጫነ። ጂቡቲ ሲደርስ ግን ስንዴውና ማዳበሪያው በአንድ ሰሞን ገጠሙ። ማዳበሪያውም ይቆይ አይባልም፤ የዘር ጊዜ ካለፈ የሚቀጥለው ዓመት ረሃብ ነው። መርከቦች ተሰልፈው ቆሙ፤ የጭነት መኪናም አልበቃ አለ። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የአሰብ መንገድ ስለተዘጋ የአገሪቱ ጭነት ሁሉ ለማለት ይቻላል በአንድ በር ነው የሚገባው። የጂቡቲው አዲስ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ጥሩ ነው፤ በሩ ግን ያው አንድ ነው። በዚያው ዓመት ምሥራቁና ሰሜን ምሥራቁ ሲጠቃ በምዕራቡ በቆሎ ተሰብስቧል። ዝናብ በሁሉም አገር በአንድ ጊዜ አይቀርም፤ ይህን ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መንግሥትም ይህን ስላወቀ በ1970ዎቹ አጋማሽ የመጠባበቂያ እህል ክምችት አቋቁሞ ነበር። መጋዘኖቹ በኮምቦልቻ፣ በናዝሬት፣ በመቀሌ፣ በሻሸመኔ፣ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች ተሠሩ። አሠራሩ ወደናል። እህሉ አይታደልም፣ ይበደራል። እርዳታ ሰጪው ድርጅት የራሱ እህል በመርከብ ላይ ሳለ ከመጋዘኑ ተበድሮ ለተራበው ይሰጣል፤ የራሱ ሲደርስ ይተካል። መርከብ እስኪመጣ የሰው ሆድ አይጠብቅምና። ችግሩ ተበዳሪው ሳይመልስ ሲቀር ነው። በ2000 ዓ.ም. የኑሮ ውድነቱና ድርቁ ተደርበው ሲመጡ ክምችቱ በጣም ወርዶ ነበር። ያን ጊዜ የቀበሌ ስንዴ ለመውሰድ የተሰለፍነው ሰልፍ ከማንም አይረሳም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። ጤፍ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይረክሳል፤ ገበሬው ዕዳ ስላለበትና ልጅ ስለሚድር ይሸጣል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ይወደዳል። እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን ወር በገባ ቁጥር ሃያ ኪሎ፣ አንዳንዶቻችን በጣሳ ነው የምንገዛው፤ ክፉው ሰሞን ሁልጊዜ ባዶ እጃችንን ያገኘናል። ስለሆነም ሐሳባችን ይህ ነው፤ በጥር ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በቀጥታ ጤፍና በቆሎ ይገዛ፤ ጤፉ ከአድአ በኩል፣ በቆሎው ከምዕራብ፤ አንዱ አገር ቢከዳን ሌላው እንዲይዘን ነው ቅድም ያዙልን ያልናችሁ። ለአባላት በሐምሌ በተገዛበት ዋጋና በመጓጓዣው ብቻ ይሸጥ። ከየአሥሩ ኩንታል ሁለቱ አይሸጥም፤ ለደከሙ ቤቶች በብድር ይሰጣል፤ በቀጣዩ ጥር በእህል ወይም በጥር ዋጋ ይመለሳል። ማኛ ካልሆነ አንበላም የሚሉ ቤቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ ማኛውን ራሳቸው ይግዙ፤ ማኅበሩ ሰርገኛ ነው የሚገዛው።

ይህ እህል መደበቅ አይደለም ወይ ብለው የጠየቁን አሉ። እህል የሚደብቅ ሰው ገበያው ሲቸገር ገዝቶ ይቆልፋል። እኛ ገበያው ሲጠግብ ገዝተን ሲቸገር እናወጣለን፤ በነሐሴ ሽሚያ ውስጥ አንገባም። አንድ ሰፈር ብቻውን ዋጋ አያረጋጋም፤ ይህንን አንሸነግላችሁም። ነገር ግን የእኛ ብር በዚያ ሰሞን ገበያ ካልወጣ፣ በድርቅ ከተመታው ሰው አፍ ላይ የምንሻማው በዚያ መጠን ይቀንሳል።

ነቀዙስ ላላችሁት፦ ጤፍ ነቀዝ እምብዛም አይነካውም፤ ደረቅ ከሆነ ዓመት አልፎም ይቆያል። ጣጣው በቆሎው ነው። መጀመሪያ ድርቀቱ ይፈተናል። በደረቅ ጠርሙስ በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅና ጥቂት መቆየት ነው፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነው፣ አንረከብም። ከዚያ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጡ ባለው ጆንያ ተሞልቶ፣ አየሩ ወጥቶ፣ አንድ በአንድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ነቀዙ ያለችውን አየር ጨርሶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። የነቀዝ ክኒን ወደ መጋዘናችን ፈጽሞ አይገባም። ክኒኑ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ መጋዘኑ ደግሞ ሰው ከሚተኛበት ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። በየቤታችሁም ከመኝታ ክፍል አጠገብ የምታስቀምጡ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት።

እህሉ በእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ ይደረደራል። ቁልፉ ሦስት ይሆናል፤ አንዱ በሊቀ መንበሩ፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ ሦስተኛው ከእናቶች መካከል በምትመረጥ አንዲት እናት ዘንድ። ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈትም። የገባውና የወጣው በየወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው እሑድ ከቀኑ በ8 ሰዓት ነው። ቤት የሚጠብቅ ያለበት ሰው ተወካይ ይላክ። እህሉ ከጸደቀ ምዝገባው በዚያው ዕለት ይጀመራል፤ በወር በወር ለመክፈል የሚፈልግም ይመዘገባል። ንጹሕ ጆንያ ያላችሁ አምጡልን፤ ሲሚንቶ ወይም ማዳበሪያ የነበረበትን ግን ታጥቦም ቢሆን አንቀበልም።